ለሁሉም የሚሆን ዘንግ

ከምሳ በኋላ ደሴቲቱ ላይ ያለው ሌስቴር መንደር እንዳለ ይተኛል፤ ዶሮዎቹ በተገለበጡት ጀልባዎች ጥላ ሥር፣ ባለሱቁ ክንዱን ተንተርሶ ባንኮኒው ላይ፣ ጎረቤቴ ሚስ ቨርሊን በረንዳዋ ላይ እግሯን አንድ የተሰበረ ሳጥን ላይ ሰቅላ፣ እኔ ብቻ አልተኛም። ያደግኩበት አገር ሰው በቀን የሚተኛው ሲታመም ነው፤ እናቴ በቀን ጋደም ያለ ሰው ካየች ትኩሳት እንዳለው ለማወቅ ግንባሩን ትዳስስ ነበር፣ ስለዚህ አሁንም በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ከዊኒፔግ ሐይቅ ሦስት አውሮፕላንና አንድ የጭነት ጀልባ ርቄ፣ በዚህ ሙቀት ጀርባዬን አልጋ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የሆነ ቀዝቃዛ እጅ ግንባሬ ላይ የሚያርፍ ይመስለኛልና ዓይኔን እገልጣለሁ። ዛሬ ደግሞ ምክንያት አለኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ነገ ዓሣ አጥማጁ ኦስበርት ጀልባው ላይ ይሞክረኛል፣ እኔም ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ስመርጥ ከርሜ፣ ለሁሉም የሚሆነውን መርጬ፣ ገዝቼ፣ ባሕር አሻግሬ አምጥቼ፣ ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም።

ኦስበርት ነገሩን የነገረኝ ሱቁ በር ላይ ነው፣ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባሕሩ እያየ። ጀልባው ሦስት ሰው ይይዛል፦ እሱ፣ ባርኔጣ የማይለየው ወንድሙ፣ ሦስተኛው ሽማግሌው ኮስማስ ነበሩ፣ የኮስማስ ጉልበት ግን ከገና ወዲህ እምቢ ብሏል። «ቅዳሜ እንሞክርዎት፣ ሚስ ሲጋ» አለኝ። «ተሳፋሪ ግን አንጭንም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ክር ያወርዳል፣ ዓሣ ያወጣል። ካልሆነ ዊንድዋርድ መንደር ያለው የአክስቴ ልጅ በየቀኑ እየለመነኝ ነው፣ እሱን አስቀምጣለሁ፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከተቀመጠ እስኪሞት አይነሳም።» እሺ አልኩ። «ያ ረጅሙ ነገርዎ ደግሞ ጀልባዬ ውስጥ አይገባም። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ እንደዚያ ያለ ይዞ ገብቶ ሲያወናጭፍ የወንድሜን ባርኔጣ ባሕር ውስጥ ጣለው።» ባርኔጣው ተገኘ ወይ አልኩት። «ባርኔጣውማ ተገኘ» አለ፣ «እንግዳው ነው የጠፋው።»

የእንግዶች መጥፋት እዚህ ቀልድ አይደለም፣ የዕቃ አቅርቦት ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሚስ ቨርሊን ሳታንኳኳ ገብታ፣ ፍሪጄን ከፍታ፣ የበሩን ጎማ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ መልሳ ዘጋችውና «ስትሄጂ ይሄን ለማንም ቃል እንዳትገቢ፣ የኔ ነው» አለችኝ። የት ነው የምሄደው አልኳት። «አገርሽ ነዋ! ሁሉም ይሄዳል። ጀርመኖቹ ሁለት ዓመት ቆዩ፣ ምድጃውን ከነሱ አገኘሁት። የቶሮንቶዎቹ ዓመት ከምናምን፣ የልብስ ማጠቢያው የነሱ ነው። አሁን የቀረኝ ፍሪጅ ብቻ ነው።» አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ለምን እንደሆነ እንጃ ፍሪጁን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥንቃቄ ነው የምይዘው፣ ሰው አደራ እንደሰጠው ዕቃ። ግን ሌሊትም ሆነ ቀትር፣ ፍሪጁ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ሥራ በጀመረ ቁጥር አስባለሁ፦ እስክሄድ ስንት ዓመት ሰጥታኛለች?

የማጥመጃው ዘንግ እዚያ ጥግ ላይ ቆሟል። ሁለት ቦታ የሚፈታ፣ አውሮፕላን የሚገባ፣ በጣም ያልደነደነ በጣም ያልለሰለሰ፣ ከድንጋይ ላይም ከአሸዋም ከጀልባም የሚወረወር። የክር መጠቅለያው ጨው እንዳይገባው ዙሪያውን የታሸገ ነው። ክሩ የተገመደ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ የባሕሩ ስለታም ድንጋይ፣ ኮራሉ፣ እንዳይበጥሰው ወፈር ያለ መስታወት የመሰለ ክር የተቀጠለበት። መንጠቆዎቹ የማይዝጉ። ሦስት የውሸት ዓሣዎች፦ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰርዲን የሚመስል፣ አንዱ ምንም የማይመስል አስቀያሚ፣ ስታይኒ «ይሄኛውን ውሰጂ፣ የሚጠላሽ ዓሣም ይኖራል» ብሎ ያስጨመረኝ። ስታይኒ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጊምሊ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ ሐይቁን በሚያሳየው መስኮት ሥር ይተኛል፤ ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ይመስል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያን ክረምት የዕቃ መምረጫውን ዳጎስ ያለ መጽሔት ሆዱ ላይ ዘርግቼለት በግራ እጁ ጣት ይጠቁማል፦ ይሄ ለሻርክ ነው፣ ሻርክ ምን አደረገሽ? ይሄ ለሕፃን ልደት ነው። ይሄ ያምራል፣ የሚያምር ነገር ደግሞ ይዝጋል፣ እለፊው። ነርሷ ትስቃለች፣ ውጭ በረዶው መስኮቱን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል፣ እኛ ስለ ኮራል እንከራከራለን፣ ሁለታችንም ኮራል አይተን አናውቅም። አትሂጂ አላለኝም። አንድም ቀን። አንዱን መጠቅለያ ግን አስመልሶ ሌላ አስመጣ፣ ሌላው ሲመጣ ደግሞ እጀታው ጮኸ ብሎ አስመለሰው፣ እኔም ምንም ድምፅ እንዳልሰማሁ አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም ዕቃው የተሟላ ቀን ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እዚያ ከኔ በቀር ጠያቂ የለውም ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ያንን ድርብርብ የፕለም ኬክ ይዘውለት ይመጣሉ፣ ስለ አየሩ ያወሩታል። ግን አርባ ዓመት በረዶ ላይ አብራው ዓሣ ያጠመደች ባልደረባውን የሚተካ ኬክ የለም፤ ይህንን ለራሴ ስለው ደግሞ ራሴን ከኬክ በላይ ማስቀመጤ ነው። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ነርሷ ስልኩን ትራሱ ላይ ታስደግፍለታለች፣ መጀመሪያ የጣሪያውን አምፖል አያለሁ፣ ከዚያ ግማሽ ጆሮ፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል፦ «ሲጋ፣ ዘንጉ እንዴት ነው?» እንዴት ነሽ አይለኝም፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። ደህና ነው እላለሁ። ኦስበርት ዘንጉን አልፈልግም ማለቱን እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? ያንን ክረምት ከንቱ ነበር ማለት አይሆንም?

ደግሞ ዘንጉ አንዴ አዋርዶኛል። ሻጩም፣ መጽሔቱም፣ ስታይኒም በአንድ ድምፅ ያዘዙኝ አንድ ነገር ነበር፦ ከጨው በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቢ። መጀመሪያ ቀን ከወደቡ ላይ ወርውሬ ምንም ሳልይዝ ተመልሼ፣ የጓሮውን የውሃ ጎማ ከፍቼ፣ ዘንጉን መጠቅለያውን ክሩን እንደ አራስ ልጅ እያገላበጥኩ አጠብኩ፣ በደንብ፣ ሳልቸኩል፣ ለራሴ እያንጎራጎርኩ። ሚስ ቨርሊን ከቀትር እንቅልፏ ተነስታ በአንድ ጫማ መጣች። «ምንድን ነው የሚፈሰው?» ውሃ ነው አልኳት። «ውሃ መሆኑንማ ተኝቼ እሰማዋለሁ። የማን?» ከማጠራቀሚያው ነው፣ የዝናብ ነው። «አዎ፣ የዝናብ ነው። በኅዳር የዘነበ። ሌላው የሚዘንበው ደግሞ ሰኔ ነው። እስከዚያ ይሄን ብረት ነው የምንጨምቀው?» ያኔ ነው ቤቴና ቤቷ ከአንድ ማጠራቀሚያ እንደሚጠጡ ያወቅኩት፤ ሁሉም እዚህ ጣሪያው ላይ የወደቀውን ነው የሚጠጣው፣ የገላ ውሃ ለዱባው ነው፣ የዕቃ ውሃ ለፍየሏ። እኔ ወዲያ ማዶው የማይታይ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት። ውሃ ለኛ ግማሹን ዓመት የሚጠጣ፣ ግማሹን ዓመት መኪና የሚነዳበት ነገር ነበር፣ የሚያልቅ ነገር ግን አልነበረም። ሲመሽ ወሬው ቀድሞኝ ሱቅ ደርሶ ኖሮ ባለሱቁ «ሚስ ሲጋ፣ ዛሬስ ማንን አጠቡልን?» አለኝ፣ እስከ አሁንም ይለኛል። ሚስ ቨርሊን ግን በማግስቱ አተር ያጠበችበትን ውሃ በሳህን ይዛ መጥታ አንድ ጨርቅ ነክራ ሰጠችኝ። «ፊቱን ጥረጊለት» አለች፣ «ብረት ገላውን አይታጠብም።» ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ እጣቢው ወደ ዱባው ይሄዳል፣ እስከ አሁንም አልዛገም፣ ይህንንም ለስታይኒ አልነገርኩትም።

ነፋሱ ተነሳ። ከባሕሩ በኩል ገብቶ መጋረጃውን አነሳው፣ እኔም በጀርባዬ እንደተኛሁ ዓይኔ መስኮቱን ተከትሎ ሄደ፣ ከእንጨት የተሠራ ወደ ላይ የሚከፈት መስኮት ነው፣ ከሥሩ በአንዲት አጭር እንጨት ተደግፏል፣ እንጨቷ ክንድ የምታክል፣ ሁለት ጫፏ እንደ እባብ ምላስ የተሰነጠቀ፣ ወገቧ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ደግፌባት ማታ አንስቻታለሁ። ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም፤ አሁን አየኋት፣ ልጅ ሳለሁ ዓሣ የያዝኩባት ናት። ስታይኒ ሐይቁ በረዶ ላይ በቆፈረው ቀዳዳ አጠገብ ተንበርክኳል። ጓንቱን በጥርሱ ይዟል፣ በረዶው ከሥራችን እንደ ትልቅ በር ይንቋቋል፣ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ክሩ በእንጨቷ ሁለት ጫፎች ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራ ተጠቅልሏል፣ ዘንግ የለም፣ መጠቅለያ የለም፣ እጅና ክር ብቻ፣ ታች ጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ነካ ሲያደርገው እኔ እንጨቷን ወደ ላይ ልመነጭቅ ስል እጁን እጄ ላይ ይጭናል፦ «አትመንጭቂ! ጠይቂው። ቀስ ብለሽ ጠይቂው፣ እዚያ ነህ በይው።» ያኔ ያ እጅ ይሞቅ ነበር። ዕቃዬን የሸከፍኩ ቀን እንጨቷን በግራ እጁ ከመሳቢያው አውጥቶ የዘንጉ ማኅደር ውስጥ ሲከታት «ምን ላደርጋት?» ብዬው ነበር። «ዘንጉ ቢሰበር። ባይሰበር ደግሞ ገንፎ ታማስይባታለሽ።»

ተነስቼ መዘዝኳት። መስኮቱ ቤቱን እስኪያናውጥ ድርግም ብሎ ተዘጋ።

«ማነው የሞተው?» አለች ሚስ ቨርሊን ከበረንዳዋ።

«መስኮት ነው!»

«እንግዲያው ተኚ!»

አልተኛሁም። እላይዋ ላይ የቀረውን የድሮ ክር ፈታሁ፣ ሐይቁ ይሸተኛል ብዬ አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም፣ ከመጽሔቱ ያዘዝነውን ወፍራሙን ክር ጠቀለልኩባት፣ ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ ጫፉ ላይ፣ ሁለት መንጠቆ ከበላዩ። እጄ ሳላዘው ስምንት ቁጥሩን ሠራው።

ጎህ ሲቀድ አሸዋው ላይ ቆሜያለሁ፣ ኦስበርት እጄን ያያል። «ይሄ ምንድን ነው? የገንፎ ማማሰያ?» ለሱም ይሆናል እለዋለሁ። ወንድሙ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ ያደርጋል፣ በሁለት እጁ፣ ጥንቃቄ ነው። የተቀመጥኩት የኮስማስ ቦታ ላይ ነው፣ ከኋላ በግራ። ደሴቲቱ ከኋላችን አነስ ስትል ኦስበርት ሞተሩን አጥፍቶ ያንን የደሴቲቱን አረቄ፣ በረዶ እንኳ ስትጨምርበት የሚሰምጥበትን፣ ጥቂት ለባሕሩ አፈሰሰ፣ ጥቂት ለራሱ፣ ጠርሙሱን ወደኔ አሳለፈው። በረዶ ላይ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው በረዶ የሚሰምጥበትን ነገር መጠጣት የለብኝም ነበር፣ ጠጣሁት። ክሮቹ ወረዱ። የነሱ ክር የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ ነው፣ ሲስቡ እግራቸው ሥር ይከመራል። የኔ ወረደ፣ ወረደ፣ እርሳሱ ድንጋይ ሲነካ መዳፌ ላይ አንድ ቃል ሰማሁ።

ከዚያ ምንም። ኦስበርት አንድ አወጣ፣ ወንድሙ ሁለት፣ እኔ የተበላ ማባበያ። ደግሞ የተበላ ማባበያ። ፀሐዩ ከፍ አለ። የአክስቱን ልጅ አሰብኩት፣ አይቼው አላውቅም፣ በሐሳቤ ሰፊ ጀርባ ያለው ሰው አደረግኩት፣ እዚህ ቦታ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ጀርመኖቹንም አሰብኩ፣ ምድጃቸውን ሲያስረክቡ። እየመነጨቅኩ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፍርሃት ክንድ ውስጥ ሲገባ ክንድ ይመነጭቃል። እጄን አላላሁ። ድምፄን አውጥቼ ጠየቅኩት። እዚያ ነህ? ነካ አደረገው። እዚያ ነህ? ዝም። ቀስ ብዬ አንድ ስንዝር አነሳሁ፣ ክሩ ከበደ፣ ክብደቱም ወደ ታች ተወረወረና ጣቴን እንደ ምላጭ በልቶ አለፈ፣ እኔም እንደ ልማዴ በትዕግሥት ልከተለው ስል ኦስበርት ጮኸ፦

«እዚህ አይጠየቅም! ይጎተታል! የድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አለቀ!»

ጎተትኩ። ከሐይቁ በታች ጉድጓድ የለም፣ ማንም ጎትቺ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደ ውሃ ቀጂ በሁለት እጄ እየተቀባበልኩ ጎተትኩት፣ ከጎኔም አንድ ቀይ፣ በነጠብጣብ የተሞላ፣ በጣም የተናደደ ፊት ወጣ። ወንድሙ መንጋጋውን ይዞ ወደ ውስጥ ጣለው። «ባርኔጣዬ ደህና ነው» አለ፤ ጠዋቱን ሙሉ የተናገረው እሱን ብቻ ነው። እኔ ክሩን ወደ እንጨቷ እየመለስኩ ነበር፣ በአንድ እጅ፣ አንጓን ብቻ እያዞሩ ስምንት ቁጥር የሚሠሩባት ነገር ናት፣ ኦስበርት የተወሳሰበ ክሩን እግሩ ሥር እየፈታ አየኝ። ቀና አለ። «እስቲ ደግመው ያሳዩኝ።» አሳየሁት። «ሌላው እጅ ምን ይሠራል?» ምንም፣ ይሞቃል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል አልኩት። ስለ ኪስ ምን ለማለት እንደፈለግኩ የሚያውቅ በዚያ ባሕር ላይ አልነበረም።

ሦስት አወጣሁ፣ ከነሱ ያነሰ፣ ከምንም የበለጠ። ስንመለስ ኦስበርት ወደ ባሕሩ እያየ «ረቡዕ ትንሽ ቀደም ብለን ነው የምንወጣው» አለ። በዚህ መንደር የመጀመሪያ ዓሣህን አትበላም፣ የቦታው ባለቤት ለነበረው ሰው ትወስዳለህ፣ ስለዚህ ቀዩን ይዤ ኮስማስ ቤት ሄድኩ፤ ጉልበታቸውን በቅጠል ጠቅልለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓሣውን አላዩትም። «የት ተቀመጥሽ?» ከኋላ በግራ። «በቀኝ እጅሽ በኩል አንድ ሚስማር አለ» አሉኝ፣ «ቀሚስ ይይዛል። ልነቅለው እያልኩ ሠላሳ ዓመት። አሁን አንቺ ንቀይው።»

እሁድ አልነበረም፣ ግን ደወልኩ። አምፖሉ መጣ፣ ጆሮው መጣ።

«ማን ሞተ?» አለ ስታይኒ።

«ማንም። ዓሣ ያዝኩ። ከጀልባ ላይ።»

«በየትኛው? በነጩ? በአስቀያሚው እንዳትዪኝ ብቻ!»

«በገንፎ ማማሰያዋ።»

ዝም አለ። ያንን ዝምታ ፈርቼ ነው ስንት እሁድ ደህና ነው ስለው የከረምኩት። ከዚያ ሳቀ፣ ከታመመ ወዲህ ሳቁ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚወጣው፣ እንደ በር ገርበብ ብሎ። «ክረምቱን ሙሉ!» አለ። ክረምቱን ሙሉ አልኩት። «አስመልሰን፣ አስመጥተን፣ እጀታው ጮኸ ብዬ!» አልጮኸም ነበር አልኩት። «አልጮኸም» አለ፣ «አውቃለሁ።» ስለ ዓሣው ጉድጓድ ነገርኩት፣ እዚህ እንደማይጠየቅ፣ ከነካው በኋላ እንደሚጎተት፣ የብረቱን ፊት በአተር እጣቢ እንደምጠርግለት። ዘንጉስ አለኝ። ከድንጋዩ ላይ ሲመሽ እወረውርበታለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ያንተ ነው። «ዘንግ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለ። ከዚያ የነርሷ ድምፅ መጣ፦ «ስታይኒ፣ ማንኪያውን ምን እያደረጉት ነው? ያ የኔ የሹራብ ክር ነው!» አምፖሉ ተወዛወዘ። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር በእርጋታ ይሽከረከር ነበር፣ ቀጭን ክር ማንኪያ ላይ ሲጠቀለል እንዲህ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር፣ ግራ እጁ ስምንት ቁጥር እየሠራ። «ሲጋ» አለኝ፣ «ያ አውሮፕላን ተሽከርካሪ ወንበር ይጭናል?» ይጭናል አልኩ። «ሦስቱም?» ሦስቱም። ጀልባውስ አለኝ። ስለ ማጥመጃው ጀልባ ኦስበርትን እጠይቃለሁ፣ ወደ ባሕሩ እያየ አንድ ነገር ይላል አልኩት።

ስዘጋ ሚስ ቨርሊን በሩ ላይ ቆማለች፣ ለዓሣ የሚሆን ባዶ ሳህን ይዛ።

«ማነው የሚመጣው?»

«ወንድሜ። ምናልባት። በኅዳር፣ ዝናቡ ሳያልቅ።»

«ይበላል?»

«እንደ ሁለት ሰው።»

ዓሣውን ሳህኗ ላይ አደረግኩላት። አልሄደችም። ገብታ ፍሪጁን ከፈተች፣ የበሩን ጎማ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች፣ በቀስታ ዘጋችው፣ ለረጅም ጊዜ የታጨችለት ሰው ሌላ እንዳገባ የሰማች ሴት ትመስል ነበር። «ደህና ፍሪጅ ነበር» አለች፣ «እንግዲህ ዊንድዋርድ ሄጄ እንግዶች እፈልጋለሁ።»

ከሄደች በኋላ ቤቱ ታፍኗል። መስኮቱን ከፈትኩ፣ የሚደግፈው ግን የለም፣ እንጨቷ ጨው ጠጥታ ፀሐይ ላይ ተሰጥታለች። ጥጉን አየሁ። ዘንጉን ሁለት ቦታ ፈታሁት፣ የታችኛውን ግማሽ ከመስኮቱ ሥር አስገባሁት፣ ልክክ አለ፣ በጣም ያልደነደነ በጣም ያልለሰለሰ። ለሁሉም ይሆናል ብለን አልነበር የመረጥነው። ነፋሱ ገባ። ጀርባዬን አልጋው ላይ አሳረፍኩ፣ ቀኑ ገና ነው፣ ዶሮዎቹ ከጀልባዎቹ ሥር ናቸው፣ እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና ደህና ናት ብላ አነሳችው።